ጭነት ሳይደገፉ ማደር

ባሌ ደርሼ መመለሴን የሰማ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ ብርዱ ነው። ብርዱማ ብርድ ነው፤ የእንጦጦን የኅዳር ሌሊት የቀመሰ ሰው እሱኑ እጥፍ አድርጎ ያስበው። እኔ ልነግራችሁ የፈለግሁት ሌላ ነገር ነው። ብዙዎቻችሁ እግራችሁ ወደዚያ አገር አይደርስምና፣ ንግዳችን እዚያ ሄዶ እንዴት ሌላ መልክ እንደያዘ፣ እኔም ልቆጣ ሄጄ እንዴት ደስ ብሎኝ እንደተመለስሁ እተርክላችኋለሁ።

እኛ አዲስ አበባ ላይ በጨው፣ በአቡጀዲና በሰም የምንነግድ ጥቂት ሽርኮች ነን። ታላቃችን አቶ ወልዴ ናቸው። ማኅበሩን ያቆሙት እሳቸው ናቸው፤ ሕጉንም የሰጡን እሳቸው ናቸው። ሕጉ አጭር ነው፤ ነጋዴ ከጭነቱ አይለይም። ጭነቱ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፣ ሲራገፍ አጠገቡ ይቀመጣል፣ ሲመሽም ጀርባውን ለጭነቱ ሰጥቶ ይተኛል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት አቶ ወልዴ እንደ ዳዊት ጠዋት ማታ ይደግሙታል። እውነትም በዚህ ሕግ ጅማ ድረስ ተመላልሰን አንድ ስልቻ ቡና ጠፍቶብን አያውቅም።

ጦሩ ባሌን ይዞ ጎባ ላይ ከተማ ከሠራ ወዲህ የሚስቴን ታናሽ ወንድም ደስታን ወደዚያ ልከነው ነበር። ሥራው የምንልክለትን ጨውና አቡጀዲ ተራራውን አሻግሮ ደሎ መና ቆላ ማውረድ፣ ከዚያም ቡናና ሰም ማውጣት ነው። ክረምቱ ሲወጣ ከጎባ የመጣ አንድ ወታደር ወሬ ነገረን። ደስታ ጭነቱን ጫካ ውስጥ ለሚኖሩት ለሪራ ሰዎች እያስረከበ፣ ራሱ ጎባ ቁጭ ብሎ ጠጅ ይጠጣል አለን። አቶ ወልዴ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። «ሂድና ቤቱን ዝጋ፤ ልጁንም ይዘኸው ና» አሉኝ። ደስታ ከዚያ ቤት በቀር መተዳደሪያ እንደሌለው አውቃለሁ፤ ነገር ግን ተናድጄ ነበርና ሳላቅማማ እሺ አልሁ። ሚስቴ ብቻ ሳይበላ እንዳልቆጣው ለመነችኝ።

የኅዳር ሚካኤል ማግስት ተነሣን። እኔ፣ ሁለት ጫኞችና ጨውና አቡጀዲ የተሸከሙ በቅሎዎች ነን። ሞጆ ላይ ስናድር የነቢያት ጾም ገባ። ይህን አስቀድሜ አለማሰቤ ኋላ ዋጋ አስከፍሎኛል። ብልህ ሰው ወደ ወተት አገር ሲሄድ ወይ ከጾም በፊት ወይ ከጾም በኋላ ይሄዳል፤ እኔ ግን ጾሙን ይዤ ወተት ውስጥ ገባሁ።

አዋሽን ተሻግረን አርሲ ከገባን በኋላ ያለውን ሜዳ በቃል መንገር ይቸግራል። እኛ ዘንድ አንድ ላም ያለው ሰው ስለ ላሙ ቀኑን ሙሉ ያወራል። እዚያ ከብቱ ሜዳውን ሞልቶት ባለቤቱ ዞር ብሎም አያየው። ባደርንበት ቤት ሁሉ ለእንግዳ መጀመሪያ የሚቀርበው በጮጮ ሙሉ ወተት ነው። ጾመኛ መሆኔን በምልክት ሳስረዳ የቤቱ እመቤት ታዝንልኛለች፤ ጥቂት አስባ ደግሞ ቅቤ የጠገበ የገብስ ቆሎ ታመጣልኛለች። እሱንም እምቢ ስል ታሞ ነው ወይ ብላ ጫኞቼን ትጠይቃለች። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይላል ያገራችን ሰው፤ የኔዎቹ ላሞች ግን ፊቴ ቆመው ያመነዥኩ ነበር።

ዋቤን የተሻገርነው በጊዮርጊስ ዕለት ነው። ውሃው በበጋ ከጉልበት ብዙም አያልፍም። እኔም እንደ ሕጋችን ጨው ከጫነችው ግራጫ በቅሎ ጎን እጄን ጭነቱ ላይ አድርጌ ገባሁ። በቅሎይቱ መካከል ስትደርስ ቆመች፤ ግራና ቀኝ አየች፤ ከዚያ ሙቀቱ አስመርሯት ነው መሰለኝ ጨው እንደጫነች ወንዙ ውስጥ ተኛች። ብንጎትት፣ ብንለምን፣ ብንረግም አልነሣም አለች። ደስ ሲላት ስትነሣ ከአሞሌው ብዙው ሟሙቶ ሄዷል። የዋቤ ዓሣዎች ያን ቀን ምሳቸውን በጨው በሉ። ጫኞቼ ፊታቸውን አዙረው ሲስቁ ሰማኋቸው፤ ጥቂት ከተቆጣሁ በኋላ እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሽቅብ ነው። ዲንሾ ስንደርስ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎ ጠበቀን። ያሳደሩን ባልና ሚስት ፈረሶቻቸውን የሚያሳድሩት እቤት ውስጥ ነው፤ የፈረሶቹ ትንፋሽ ቤቱን ያሞቀዋል። እኛ አገር ፈረስ የመኳንንት ነው። እዚያ ጠዋት ሴትዮዋ ገብሷን ጭና ፈረሷ ላይ ፊጥ አለችና ገበያ ሄደች። ከመሄዷ በፊት የምንቀጠቀጠውን እኔን አይታ ነበርና የባሏን የበግ ደበሎ አምጥታ ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ። ስመለስ እንድመልሰው በእጇ አሳየችኝ። ማን እንደሆንሁ አልጠየቀችኝም፤ መያዣም አልፈለገችም። እኔ ብሆን ኖሮ ከነስሜና ከነአገሬ ዋስ እጠይቅ ነበር።

ሮቤ የገባነው ረቡዕ፣ በገበያው ቀን ነው። ከተማ የሚባል ነገር ገና የለም፤ ሰፊ ሜዳ፣ ጥቂት ጎጆ፣ ከዚያ ገብስ፣ ፈረስና ሰው ነው። ደስታን ያገኘሁት እዚያ ነው። ጥቁር በርኖስ ለብሶ፣ ጉንጩ ሞልቶ፣ ከአንድ ፈረስ ነጋዴ ጋር በኦሮምኛ እየተከራከረ ነበር። ሲያየኝ ከፈረሱ ዘሎ ወርዶ ጉልበቴን ሳመ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ጎባ እስክንደርስ አፉን አልዘጋም። እሱ ከመምጣቱ በፊት ባሌ ነግዶ እንደማያውቅ አድርጎ አወራኝ። እኔም ሳይበላ ልቆጣው ስላልቻልሁ አዳመጥሁት።

ጎባ ላይ ያረፍነው ወይዘሮ ጥሩነሽ ቤት ነው። ባላቸው ከመንዝ ከጦሩ ጋር መጥቶ እዚያው የሞተ ወታደር ነበር፤ እሳቸው ግን አልተመለሱም። ጤፍ በማይበቅልበት አገር በገብስ እንጀራ ሽሮ አቀረቡልን፤ ነጭ ሽንኩርቱ ከጓሯቸው ነው። ጠጁን ተዉት። እኛ ዘንድ ጠጅ የሚጠጣው ጌታ ወይ ሙሽራ ነው፤ ጎባ ላይ ግን ማሩ ስለበዛ ጫኞቼም ጠገቡት። ጾም ያልከለከለኝ ነገር በማግኘቴ እኔም አልተጎዳሁም።

ምግቡ ሲነሣ ተቆጣሁ። ጭነትህን ለማን ትሰጣለህ ብዬ ጀመርሁ። ደስታ አላቋረጠኝም፤ ስጨርስ ግን ነገሩን አስረዳኝ። ከጎባ ደሎ መና ለመውረድ ሳነቴ የሚባለውን ራስ ደጋ ማለፍ ግድ ነው። የደጋው በቅሎ ቆላ ከወረደ በበሽታ ይሞታል። የቆላው አህያ ደግሞ ሳነቴ ላይ ከወጣ በብርድ ያልቃል። ጎባ ላይ ከሐረር በኩል የመጣ አንድ ትልቅ የንግድ ቤት አለ፤ ነፍጠኛ ጠባቂ ቀጥሮ መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በራሱ በቅሎ ይሄደዋል። «እነሱ በቅሎ ሲሞትባቸው ሌላ ይገዛሉ፤ ጋሼ። እኔ ግን ሁሉም ሲሞቱብኝ ማሰብ ግድ ሆነብኝ» አለኝ።

እንዴት እንዳሰበ ወይዘሮ ጥሩነሽ እየሳቁ ጨመሩልኝ። መጀመሪያ ለበቅሎዎች ከበግ ሱፍ ካባ አሰፋላቸው፤ በቅሎዎቹ አንዱ የሌላውን ካባ በሉት። ቀጥሎ ሌሊት ሌሊት ሊሄድ ሞክሮ ጫካ ውስጥ ጠፋ። በመጨረሻ እሱ ራሱ ታሞ ሪራ ላይ ወደቀ። ያን ጊዜ አባ ጀማል የሚባል ንብ አናቢ አስታመመው፤ ደስታ ተኝቶ ሳለም ሰውየው ማንም ሳያዘው ጨውን በዘመዶቹ አህዮች ቆላ አውርዶ፣ ቡናውን አምጥቶ፣ በደጋ ፈረስ ጎባ አደረሰለት። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ሪራ ላይ ለሁለት ተከፈለ፤ የደጋው ከብት ከሪራ አያልፍም፣ የቆላውም ከሪራ አይወጣም። ስንፍና የወለደችው ብልሃት ናት አልሁት፤ እሱም አልካደም። አቶ ወልዴ እንዲህ ያለ ነገር እንደማይቀበሉ ግን አውቃለሁና ሪራ ወርጄ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም አልሁ። ቤቱን ልዘጋ መምጣቴን አልነገርሁትም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የኔን ጭነት ይዘን ሳነቴ ላይ ወጣን። ዛፍ የለም፤ ጅብራ ብቻ እዚህም እዚያም ቆሟል። ራሴን እንደ ቀበቶ አጥብቆ የያዘኝ ሕመም አልለቅ አለ። አንድ ቀይ ቀበሮ ጉድጓድ አፍ ላይ ፍልፈል ስትጠብቅ አየናት፤ እኛን ከቁምነገርም አልቆጠረችን። የሜዳው መጨረሻ ላይ ካለች ዋሻ አድረን ጠዋት ቁልቁል ስንወርድ አገሩ በአንድ ጊዜ ተለወጠ። አስታው አለቀና ቀርከሃና ኮሶ መጣ፤ ዛፉ ሁሉ ጢም አብቅሏል፤ ከየቅርንጫፉ ቀፎ ተንጠልጥሏል። ሕመሜም ለቀቀኝ።

አባ ጀማል ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። «ነጋያ? ፈያ?» እያሉ ሰላምታውን አረዘሙት፤ ስለ በቅሎዎቼ ጤና ሳይቀር ጠየቁኝ። ባለቤታቸው ሃዋ ወተት አመጡ። ጾም ላይ ነኝ ሲባሉ እንደሌሎቹ አልተገረሙም፤ እነሱም ይጾማሉና ወዲያው አንሥተው ማር ከነሰፈፉ አቀረቡልኝ። ሰሙን የሚያደርጉትንም አሳዩኝ። እዚያው በደረቅ እንጨት አቅልጠው፣ አጥልለው፣ የቀርከሃ ግንድ ውስጥ ያፈሱታል፤ ፈረስ ላይ ተጭኖ ሳነቴ ሲያድር ደርቆ እንደ ቋሚ ይሆናል። እኛ አዲስ አበባ ላይ በስልቻ እያጣበቅን፣ ግማሹን ቆሻሻ እየተሸከምን ስንመጣ ይህን ማንም አላሰበውም። ለካ ቀርከሃና ብርድ ያለው አገር ሌላ ሐሳብ ያመጣል።

ሲመሽ ጭነቴን ቤት ውስጥ በሩ አጠገብ ደረደሩልኝ። እኔም ቁርበቴን ጭነቱ ሥር አነጠፍሁና እንደ ልማዴ ጀርባዬን ሰጥቼ ተጋደምሁ። ደስታ ጠጋ ብሎ እዚህ ቤት እንዲህ እንደማይተኛ በጆሮዬ ነገረኝ። አገሩ አስንፎሃል ብዬው ዓይኔን ጨፈንሁ።

ጠዋት ስወጣ አህዮቹ ደጅ ተሰልፈው ነበር፤ ነገር ግን አባ ጀማል መደላድሉን ከጀርባቸው አንድ በአንድ ያወርዳሉ። ጭነቴ ካለበት አልተነካም። ምን ሆነ አልሁ። ሰውየው ቁመው፣ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ ተናገሩ፤ ደስታም ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ተረጎመልኝ።

«ነፍጥ ይዞ የመጣው ባያምነኝ አይገርመኝም። አንተ ግን ማሬን በልተህ፣ እሳቴን ሞቀህ፣ ቤቴ ውስጥ ጨውህን ከኔ ስትጠብቅ አደርህ። ጠባቂ ያለው ጭነት እኔን ምን ይሻኛል? አንተው ውሰደው።»

ደሜ ፈላ፤ ወዲያውም ቀዘቀዘ። እኔ ብወስደው በቅሎዎቼ ከዚህ በታች አይኖሩም። ደስታን አየሁት፤ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። የሠራው ነገር ሁሉ በኔ ጀርባ ሊፈርስ ነው። ወሬ አምኜ ልዘጋው የመጣሁትን ቤት ሳላስበው በገዛ ልማዴ ልዘጋው መሆኑ ገባኝ፤ ያን ጊዜ ግን እንዲዘጋ አልፈለግሁም። ሌላ የምለው ስላጣሁ እውነቱን ተናገርሁ።

«እርሳቸውን ንቄ እንዳይመስላቸው ንገራቸው፤ እኔ በእናቴም ቤት እንዲሁ ነው የምተኛው» አልሁት።

ደስታ ይህን ለመተርጎም አመነታ፤ ቆይቶ ግን ተረጎመው። አባ ጀማልም «ለእናትህ አዘንሁ» አሉ።

መጀመሪያ የሳቁት ሃዋ ናቸው፤ ከውስጥ ሆነው ይሰሙ ነበር። ቀጥሎ አንዱ አህያ ነጂ ሳቀ፤ በመጨረሻ አባ ጀማል ራሳቸው ጺማቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ፍርዳቸው ግን በሳቅ አልቀረም። ጭነቱን ካለበት ትቼ፣ ደስታንም ጫኞቼንም ይዤ ጎባ እንድመለስ፤ ጨረቃ ስትሞላ እንድጠብቃቸው አዘዙኝ። አንድም ሰው ከኔ ወገን አይቀርም። የማኅበሩ ሀብት የዚያን ጊዜ ከሞላ ጎደል እዚያ ቤት ተደርድሯል። እሺ አልሁ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

ባዶ በቅሎ እየነዳሁ ሳነቴን ስሻገር አንገቴ ወደ ኋላ ከመዞሩ ብዛት ተጣመመ። ቀበሮዋን እንኳ አላየኋትም። ጎባ ከገባን ወዲያ ደግሞ መቀመጥ አቃተኝ፤ በየቀኑ ከከተማው ዳር ወጥቼ ተራራውን አያለሁ። የትልቁ ንግድ ቤት ጠባቂዎች ነገሩን ሰምተው ኖሮ ባለፍሁ ቁጥር ጨውህ ደረሰ ወይ እያሉ ይጠይቁኛል። ወይዘሮ ጥሩነሽ ከብርዱ እንድገባ ይጠሩኛል። «ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ ነው፤ ልጄ። እኔም ስመጣ ሁሉንም ፈርቼ ነበር» አሉኝ አንድ ቀን። ባላቸው በሞተበት ክረምት ጎተራቸው ሲያልቅ ገብስ ያመጡላቸው ባላቸው የወጋቸው ሰዎች እንደነበሩም ነገሩኝ። ያን ቀን ከከተማው ዳር አልሄድሁም።

ጨረቃዋ ሞላች። በማግስቱ ረፋድ ላይ ልጆች እየሮጡ መጥተው ሪራዎች መጡ አሉን። አባ ጀማል ከፊት፣ ፈረሶቹ ከኋላ፤ ቡና በስልቻ፣ ሰም በቀርከሃ። ደጅ ላይ አራገፉት። ከሁሉ አስቀድመው ግን ከብብታቸው በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ሰጡኝ። ስፈታው የጨው ፍርፋሪ ነው። መንገድ ላይ የተሰበረ አሞሌ ስለነበር ፍርፋሪው የኔ ነው ብለው ለቅመው አምጥተውልኝ ነው። ከሃዋ ደግሞ ለጾመኛው ተብሎ አንድ ቅል ማር ተልኮልኛል። ዋቤ ውስጥ ያን ሁሉ ጨው እያየሁት ያፈሰስሁ ሰው፣ ፍርፋሪውን በመዳፌ ይዤ አፈርሁ፤ ደስም አለኝ፤ የትኛው እንደበዛ አላውቅም።

አባ ጀማል ፈረሶቻቸውን ለሣር ለቀቁና፣ የራሳቸውንም ዕቃ ያንኑ ደጅ ላይ ጥለው፣ ዞር ብለው ሳያዩት ገበያ ሊያዩ ወረዱ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። እግሬ ከጭነቱ አጠገብ አልንቀሳቀስ አለ። ደስታ ከውስጥ ሆኖ «ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ፤ ሽሮው ይቀዘቅዛል» አለኝ። ገባሁ። በሩን በጀርባዬ አድርጌ ተቀምጬ በላሁ፤ ጣዕሙ እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ።

ከምሳ በኋላ ለምን እንደተላክሁ ነገርሁት። ደስታ አልደነገጠም።

«ሮቤ ላይ ሳይዎት ገብቶኛል፤ ጋሼ። ለወትሮው ጭነቱን የሚያመጣው ጫኝ ብቻ ነው። እርስዎ ራስዎ የመጡት ለመዝጋት ካልሆነ ለምን ይሆናል ብዬ ነው ሪራ ልውረድ ሲሉኝ ያልከለከልሁዎት። ካላዩት በአፌ አያምኑኝም» አለኝ።

እዚሁ ተቀመጥ፤ ቤቱ አይዘጋም፤ ለአቶ ወልዴ የምመልሰው እኔ ነኝ አልሁት። ደስታም ጋቢውን ፊቱ ላይ ስቦ ተቀመጠ፤ ወይዘሮ ጥሩነሽም አይተው እንዳላዩ ሆነው ጠጅ ሊቀዱ ወጡ።

የመልሱ መንገድ ቀሎኝ ነበር። ዲንሾ ላይ ደበሎውን ለባለቤቷ መለስሁ፤ ሴትዮዋ መመለሴ ሳይሆን መክሳቴ ነው የገረማት። አዲስ አበባ ለገና ደረስሁ። ጾሙ ተፈታና ወተት በትንሽ ስኒ ቀረበልኝ፤ ያለፍኋቸውን ጮጮዎች ሁሉ አስቤ ሳቅሁ፤ ሚስቴ ለምን እንደምስቅ አልገባትም።

በገና ማግስት አቶ ወልዴ ዘንድ ሄድሁ። አንዱን የቀርከሃ ሰም ፊታቸው አስቀመጥሁና፣ ደስታን ሳላመጣ መምጣቴን፣ ቤቱንም አለመዝጋቴን አስቀድሜ ተናገርሁ። ከዚያ ሁሉንም፣ የሪራውን ጠዋት ሳይቀር ነገርኋቸው። ሰሙን አገላበጡት፤ አሸተቱት፤ በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉት።

«ከሪራ ቆላ፣ ከቆላም ጎባ እስኪመጣ ከኛ ወገን ማን ነበረ?» አሉኝ።

«ማንም» አልኋቸው።

ሰሙን ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። እኔም ለቁጣቸው ተዘጋጀሁ። ቀና ሲሉ ግን ፊታቸው የጠበቅሁት አልነበረም።

«ያ ሰውዬ እንግዳ ይቀበላል?» አሉኝ።

«ይቀበላል።»

«እንግዲያውስ ከጥምቀት ማግስት እኔም ባሌን ልየው» አሉ። «ጭነቱ አስቀድሞ ይሂድ። እኔ ቀስ ብዬ እደርሳለሁ።»